የሽፍታው ሙሽራ የተባለችው

የፊልም ሰዎቹ ወደ መንደራችን የመጡት የፍልሰታ ጾም እንደገባ ነው። ከጭነት መኪናቸው ላይ መጀመሪያ የወረደው ካሜራው ሳይሆን በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ስለነበር መንደሩ ሲያማቸው ሰነበተ። እናቴ በመስኮት አይታ አማተበች። አባቴ ግን የቡና ቤታችን በር ላይ ቆሞ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ፈገግ ይል ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ከአቴና ድረስ እኛ ጋ የመጣ ሰው ቢኖር ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሊሠሩ የመጡት የቫዮስ ድሪቫስን ሕይወት ነው። ድሪቫስ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት ከመንደራችን በላይ ያለውን ተራራ ይዞ የኖረ ሽፍታ ነበር። በግ ያላቸውን ሁሉ ሲያስገብር ኖሮ በመጨረሻ ፖሊሶች ገደሉትና ጭንቅላቱን ቆርጠው ከተማው አደባባይ ላይ ሰቀሉት። ለእኛ ለልጆቹ ድሪቫስ ማለት ጨዋታ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ድሪቫስ ካልሆንን ይላሉ። ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ስለማይገኝ ሁልጊዜ ፖሊስ የምንሆነው እኛ ሴቶቹ ነበርን።

እኔ ግን ሌሎቹ ልጆች የሌላቸው ነገር ነበረኝ። አክስቴ ፖሊክሴኒ።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከቡና ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ወተት ታፈላለች፣ አይብ ትሠራለች፣ ሱፍ ትፈትላለች። አላገባችም። የምትለብሰው ጥቁር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የምትቆመው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ቀድማ ትወጣለች። ስትቆጣም ስትስቅም አይቻት አላውቅም። እናቴ ስለ እሷ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ አክስቴ ራሷ እዚያው ቁጭ ብላ ባቄላ እየፈለፈለችም ቢሆን።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ዚሲስ የሚባሉት ሽማግሌ ቡና ቤት ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ያደክማቸዋል? ድሪቫስን ማወቅ የፈለገ እጓዳ ገብቶ ይጠይቅ፤ ሙሽራው እዚያ አለች» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ብርጭቆአቸውን ሳይጨርሱ አነሳባቸው።

ሙሽራ። ቃሉን ይዤው ሄድኩ። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገር ቦታ ቦታ አስያዝኩት። ጥቁር የምትለብሰው ለእሱ ሐዘን ነው። የማታወራው ፍቅሩ ስላልወጣላት ነው። ያላገባችው ከድሪቫስ በኋላ ማንን ታገባለች? ከዚያ በኋላ አክስቴ ወተት ልታመጣ ስትወጣ ከኋላዋ እየተከተልኩ አረማመዷን አይ ነበር። ንግሥት ምን እንደምትመስል ማየቴ ነው። ትንሽ ታነክሳለች። እሱንም ለፍቅር ሰጠሁት፤ ከገደል ላይ ከእሱ ጋር ስትሸሽ ወድቃ ይሆናል አልኩ።

እግሯን የበላው ብርድ ነው። ጣቶቿ የሉም። ይህን ያወቅኩት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እኔ ራሴ ሳጥባት ነው።

የፊልሙን ታሪክ የሚጽፉት አቶ ስትራቶስ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቡና ቤቱ ጓሮ ካለው የወይን ጥላ ሥር ከአባቴ ጋር ይቀመጣሉ። አባቴ ጺፑሮ የሚባለውን የወይን አረቄ ይቀዳላቸውና ያወራል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲያወራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ሳህን እያመላለስኩ፣ መሄድ ሲገባኝ እየቆየሁ እሰማለሁ።

«አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር» ይላል አባቴ። «ድሪቫስ በመከር አካባቢ በበራችን ሲያልፍ አየችው። ከዚያ ወዲያ ቤት አልያዛትም።»

«ራሷ ነች የሄደችው?»

«ራሷ።»

«አባትህስ? እንዴት ዝም አሉ?»

«ምን ያድርግ? ሴት ልጅ አንዴ ልቧ ከሸፈተ በኋላ ማን ይመልሳታል?»

«አንተ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ልጅ ነበርኩ። ምድጃው ጀርባ ነበርኩ።»

ይህን ካለ በኋላ አባቴ ተነሥቶ ወደ ውሃው በርሜል ሄደ። ፊቱን ታጠበ። ቆይቶ ደግሞ ታጠበ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቶ ስትራቶስ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይጽፉ ስለነበር አላዩትም። እኔ አየሁት፤ እንዴት ያለ የሚያምር ታሪክ ነው፣ አባባን እንኳ አስለቀሰው አልኩ።

ዛሬ ሳስበው አባቴ ያን ታሪክ ሲያወራ አንድም ቃል ላይ ተደናቅፎ አያውቅም። ያስጠኑት ልጅ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ያስጠናው አያቴ ነው።

አቶ ስትራቶስ አክስቴን ላነጋግር ብለው አልጠየቁም። ታሪኩ እጃቸው ገብቷል። ማየት የፈለገችው ሚርቶ ናት። ሚርቶ የሙሽራይቱን ቦታ የምትሠራው ተዋናይት ነበረች፤ ፀጉሯ የስንዴ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ጥፍሯ ቀይ፣ ድምጿ ግን እንደ ወንድ ጎርነን ያለ። አንድ ጠዋት ቸኮሌት ሰጠችኝና «አክስትሽ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ። ወሰድኳት። ጾም ስለነበር ቸኮሌቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ቀለጠ።

አክስቴ ወተት እያፈላች ነበር። ክፍሏ የእርጥብ ሱፍና የእርጎ ሽታ አለው። ሚርቶ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን የምታደርግበት አጥታ ወደ አንድ ጎን አዘነበለችው።

«እርስዎን ነው የምሠራው» አለች። «በፊልሙ ላይ ማለቴ ነው።»

አክስቴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እኔ አጭር ነኝ» አለች።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አክስቴ ማማሰያውን አቆመች። አሰበች። እኔ አሁን ልትናገር ነው አልኩ።

«እግሩ ይሸት ነበር» አለች።

ሚርቶ ሳቀች። አክስቴ አለመሳቋን ስታይ ተወችው።

«ክረምቱን ሙሉ ተራራው ላይ ነበሩ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠሩ ነበር?»

«አጥብ ነበር። የሁሉንም ልብስ። እንጨት እለቅማለሁ። በረዶ ሲሆን እንጨት አይገኝም።»

«ሊያመልጡ አልሞከሩም?»

«ወዴት?»

«ወደ ቤትዎ ነዋ።»

አክስቴ የማታውቀውን ቋንቋ እንደሰማ ሰው አየቻት። «ወደ ቤት» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ «ወተቱ ሊገነፍል ነው» ብላ ድስቱን አወረደች። ወተቱ ሊገነፍል አልነበረም። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ።

የምትደብቀው ፍቅሯን መሰለኝ። ሚርቶን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ገብቶናል አይደል እንደማለት። ሚርቶ አልጠቀሰችኝም። ውጭ ወጥታ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠችና ሲጋራ ለኮሰች። አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ለኮሰች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአቶ ስትራቶስ ጋር ተጣሉ። ከጭነት መኪናው ጀርባ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እኔ ፈረሱ ላይ አልወጣም» ትላለች ሚርቶ። «ያቺ ሴት ራሷ አልወጣችም እያልኩህ ነው።»

«ወንድሟ ነግሮኛል። ከወንድሟ በላይ ልታውቂ ነው?»

«ሂድና ፊቷን እይ።»

«ሚርቶ፣ እኛ የምንሠራው የድሪቫስን ፊልም ነው። ሕዝቡ ድሪቫስን ይወደዋል። በጉልበት ሴት ጎትቶ ከወሰደ ማን ይወደዋል?»

ሚርቶ ፈረስ ትፈራለች ብዬ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኩ። ሳቅንባት። በነጋታው ፈረሱ ላይ ወጣች። ነጭ ፈረስ ነበር፤ ከሜዳው አገር በጭነት መኪና ያመጡት። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሊያይ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ዚሲስ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ «ድሪቫስ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ፈረስ እዚያ ገደል ላይ ምን ይሠራል?» አሉ።

«ፊልም ነው፣ ጋሽ ዚሲስ» አላቸው አንዱ።

«እንግዲያው አውሮፕላን ስጡታ።»

አክስቴ አልመጣችም። ቀረጻው ሲካሄድ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። የጭንቅላቱን ጉዳይ ግን አየችው።

አቴና ውስጥ ከሰም የተሠራ የድሪቫስ ጭንቅላት በሣጥን ውስጥ፣ በገለባ መሃል ተቀምጦ መጥቶ ነበር። ፀሐይ እንዳያቀልጠው ብለው በእኛ የወይን ጥላ ሥር አስቀመጡት። ክዳኑን ሲከፍቱት እኛ ልጆቹ እየተጋፋን አየን። ጢሙ እውነተኛ ፀጉር ነው። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ሊነካው ፈለገ፤ የተፈቀደለት ግን የለም። ያን ጊዜ አክስቴ ባልዲ ይዛ ወጣች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና ቆማ አየችው።

«ይኸኛው ዓይኑን ጨፍኗል» አለች።

«ተመልካቹን እንዳያስፈራ ብለን ነው፣ እናት» አላት ሣጥኑን የሚጠብቀው ሰው።

«እህ» አለች አክስቴ። ባልዲውን አንሥታ ውሃዋን ልትቀዳ ሄደች።

ሐዘኗ ተቀሰቀሰባት ብዬ ተከትያት ሮጥኩና እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። አልለቀቀችኝም፣ አልያዘችኝምም። ምንጩ ጋ እስክንደርስ እንዲሁ ሄድን።

እኔ የማላውቀው ይህን ነበር። ድሪቫስ ሲገደል ፖሊሶቹ ፊቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ከተራራው ላይ ካወረዷት በኋላ ወደ ቤት ሳይሆን መጀመሪያ የወሰዷት ወደ ከተማው አደባባይ ነው። ጭንቅላቱ ፊት አቁመው «እሱ ነው?» አሏት። «እሱ ነው» አለች። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ያይዋት ነበር። ከዚያ አንድ ፖሊስ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወደ መንደራችን ሰደዳት። የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሳምንት ነበር።

ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። ዕድሜው ገፍቶ፣ ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እኔም ልጆች ወልጄ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ሳልጠይቀው፣ ሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር አወራው። እኔም እንደዚያው አድርጌ ላውራው።

ሽፍቶቹ ወደ አያቴ ቤት የመጡት በመከር፣ በጎቹ ወደ ቆላ በሚወርዱበት ሰሞን ነበር። አያቴ ብዙ በግ ነበረው። ድሪቫስ ገንዘብ እስኪላክለት ድረስ መያዣ ይፈልጋል፤ እንዲህ ሲሆን የሚወሰደው ወንድ ልጅ ነው። በዚያ ቤት ያለው ወንድ ልጅ አባቴ ብቻ ነበር፤ ስምንት ዓመቱ። ምድጃው ጀርባ ሸሽገውታል። ድሪቫስ በሩ ላይ ቆሞ «ልጁን አምጣው» አለ።

«ወንዱ አንድ ነው» አለ አያቴ። «እሱን ተውልኝ። ሴቲቱን ውሰድ።»

አክስቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። ሰማች። ድሪቫስ ትንሽ አሰበና፣ ይሁን አለ። እጇን እንድትታጠብ እንኳ አልጠበቋትም። የበግ ጠጉር ካባ ራሷ ላይ ጣሉባትና በቅሎ ላይ ጫኗት።

አያቴ ገንዘቡን በፍጥነት ልኮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አልላከም። ከሰዎቹ ጋር የነበረች ሴት ልጅ ብትመለስስ ማን ያገባታል ብሎ አስቦ ይሆናል፤ አባቴ አያውቅም። ክረምቱ አለፈ። በጸደይ ስትመለስ ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። ያኔ አያቴ «ወዳው ሄደች» አለ። ሰጠኋት ከማለት እሱ ይቀላል። ለትንሹ ልጁም እንዲሁ እንዲል አስጠናው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ከሴት ልጁ ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገረም። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ይበላል።

እሷስ ለምን ዝም አለች ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። «ማን ጠየቃት?» አለኝ።

ፊልሙ ወደ መንደራችን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት የነቢዩ ኤልያስ በዓል ሰሞን ነው። መብራት ስላልነበረን ከነጄኔሬተሩ ነው ያመጡት። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሸራ ተወጠረ። ሰዉ ከየቤቱ ወንበር እየተሸከመ መጣ። እኛ ልጆቹ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠናል። ዞር ስል አክስቴ ስትመጣ አየሁ። የበዓል ሻሿን አስራለች። እናቴ ደነገጠች፤ «ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ላየው ነው» አለች አክስቴ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ «እዚህ ተቀመጪ፣ እትዬ» አላት። ተቀመጠች። እሱ ከጎኗ ቆመ። እኔ ከመሬት ተነሥቼ እግሯ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ንግሥቲቱ ራሷን ስታይ አጠገቧ መሆን ፈለግኩ።

በመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሰዉ ራሱን እያየ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየመታ። የጋሽ ዚሲስ አህያ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ስታልፍ ጭብጨባ ሆነ፤ ጋሽ ዚሲስ ባርኔጣቸውን አነሡ። ቀጥሎ ድሪቫስ መጣ፤ በነጭ ፈረስ፣ ፀጉሩ በቅባት የተኛ። ልጃገረዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሚርቶ በመስኮት ብቅ አለች። በፊልሙ ላይ ስሟ ማሮ ነው። ጨረቃ አለ። ማሮ በመስኮቱ ወርዳ፣ ሮጣ፣ እጇን ለድሪቫስ ሰጠችው፤ እሱም ሳብ አድርጎ ፈረሱ ላይ አስቀመጣት። ከኋላዬ ሴቶች ወደ አክስቴ ዞረው ሲያዩ ወንበሮቹ ሲጥ ሲጥ አሉ። እኔም ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ የሸራው ብርሃን ይመጣል ይሄዳል፤ ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ እኛ ሲቀረጽ ያላየነው ነገር መጣ። ያን ክፍል የቀረጹት አቴና አጠገብ፣ ሌላ ኮረብታ ላይ ነው። የማሮ አባት ከእንቅልፉ ይነቃል። የድሮ ወንዶች የሚለብሱትን ነጭ ሽንሽን ቀሚስ የለበሰ፣ ሪዛም ሽማግሌ። አልጋዋን ባዶ ያገኘዋል። በሩን በርግዶ ይወጣና በጨለማ ይሮጣል። ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይሮጣል። «ማሮ» እያለ ይጣራል። «ማሮ፣ ልጄ።» ፈረሱ እየራቀ ይሄዳል። ሽማግሌው መንገዱ ላይ ተንበርክኮ አፈር ይቆነጥራል።

ብዙ ሰው አለቀሰ። እናቴም አለቀሰች። የአክስቴ እግር ከትከሻዬ ጎን ነበር። እጇ ከራሴ በላይ አልፎ የአባቴን እጅጌ ያዘ።

«ቶማ» አለችው።

«እ፣ እትዬ።»

«ሮጦ ነበር?»

አባቴ ወደ ሸራው አየ። በሸራው ላይ ሌላ ነገር እየታየ ነው፤ ሽፍቶቹ እሳት ዙሪያ ይጨፍራሉ።

«እኔ ተሸፍኜ ነበር» አለችው። «አላየሁም። አባባ ከኋላዬ ሮጦ ነበር?»

«አዎ» አለ አባቴ። «ሮጧል።»

«እህ» አለች።

እጅጌውን ለቀቀችው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየች። ወንበሩን ተሸክማ ወደ ክፍሏ ገባች። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ስትሄድ አየኋት። ከዚያ በፊት ሄዳ አታውቅም። የአያቴን መቃብር አረም ነቀለች፣ ዘይት ጨምራ ፋኖሱን አበራች። እኔ ፊልሙ አባቷን አስታውሷት ነው አልኩ። እናቴ ከሩቅ አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለአባቴም ነገረችው። አባቴ በዚያ ቀን ቡና ቤቱን አልከፈተም።

በሆስፒታሉ ክፍል በመጨረሻ የጠየቅኩት ይህን ነበር።

«እውነት አያቴ ሮጦ ነበር?»

«በሩን ዘጋ» አለ አባቴ። «መወርወሪያውን ወረወረ። ከዚያ እራት አቅርቡ አለ። እናቴ አቀረበች። እኔን ከምድጃው ጀርባ ጎትቶ አወጣኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። በላን።»

«አንተም?»

«እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር።»

ነርሷ ገብታ የሚንጠለጠለውን ጠርሙስ ቀይራ ወጣች።

«ታዲያ ለምን ሮጧል አልካት?»

«ጠየቀችኝ» አለ። «በሕይወቷ የጠየቀችኝ ነገር ያ ብቻ ነው።»

አባቴ ከሞተ በኋላ አክስቴን ላሪሳ ከተማ እኔ ቤት አመጣኋት። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። የምትሠራው ነገር ስትፈልግ ለልጆቼ ምስር ትለቅም ነበር። አትረብሽም። ቴሌቪዥን ይከፈትላታል፤ የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብላ ታያለች፤ የአየር ሁኔታም ቢሆን፣ የእግር ኳስም ቢሆን።

በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ መጣ። የድሮ ፊልሞች በሚያሳዩበት ሰዓት ነው። እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ነጩን ፈረስ አይቼ ልቀይረው ስል «ተዪው» አለችኝ። ካውያውን አቁሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማሮ በመስኮት ወረደች። ሽማግሌው ነቃ፣ በሩን ከፈተ፣ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተንበረከከ።

«እዚህ ጋ አሳጥረውታል» አለች አክስቴ።

«ምኑን?»

«ሩጫውን። እሱ እዚያ አላቆመም። እስከ ወንዙ ድረስ መጥቷል።» በጣቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች። «አንድ ጫማው ወልቆበት ነበር። ሊያነሣው እንኳ አልተመለሰም። አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ። ነጭ ልብሱ ከሩቅ ይታየኝ ነበር።»

አያቴ ነጭ ሽንሽን ቀሚስ ለብሶ አያውቅም። ያለው አንድ ፎቶግራፍ እኔ ጋ ነው፤ ጥቁር የሱፍ ሱሪ ነው የለበሰው። እሷም በካባ ተሸፍና ነበር።

«ይጣራ ነበር?» አልኳት።

«ይጣራ ነበር እንጂ።»

«ምን ብሎ?»

በቴሌቪዥኑ ላይ ሽፍቶቹ መጨፈር ጀምረዋል። አክስቴ እነሱን ማየቷን ትታ መስኮቱን አየች፤ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች።

«ፖሊክሶ» አለች። «ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። ፖሊክሶ፣ ፖሊክሶ እያለ እስከ ወንዙ ድረስ።»

«እህ» አልኳት።

ካውያው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና ሰካሁትና የባሌን ሸሚዝ አነሣሁ። አንገትጌውን ጨርሼ ቀና ስል፣ ድሪቫስ ሙሽራውን ከፊቱ አስቀምጦ ተራራውን እየወጣ ነበር። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።